ሰኔ ዐሥራ አራት፣ ፀሐይ በጨለመችበት ማለዳ

አሶሳ፣ ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሲስተር ኦብሴ

እንደምን ከረሙ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። በመልክ አንተዋወቅም፤ ድምፄን ግን ያውቁታል። ጠዋት በሬዲዮ «የዛሬዋ ቀን» የሚለውን ዝግጅት የማቀርበው ኢንዓም ነኝ።

በአይሱዙ ሹፌሩ በሁንዴሳ እጅ የላኩት መልእክት ደርሶኝ ቅዳሜ ጠዋት በአየር ላይ አውዬዋለሁ። እናንተ ዘንድ ስልክ ካቆመ ስለሰነበተ ሰምታችሁ እንደሆነ ግን አላወቅሁም። የጻፉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው ያነበብኩት፦ «ልጄ ኡርጂ፣ በካማሺ በኩል ባለው ጤና ጣቢያችን፣ ፀሐይ በጨለመችበት ማለዳ ተወለደች። ዛሬ አምስት ዓመቷ ነው።»

ለጠየቁኝ ነገር መልሱ አዎ ነው፤ ቀኑን የሚጋሯት ብዙ ናቸው። የፓኪስታን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረችው ቤናዚር ቡቶ የተወለደችው ሰኔ 14 ቀን 1945 ነው። በ1996 ደግሞ በዚችው ቀን፣ መንግሥት ያልሠራት መንኮራኩር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ይዛ ጠፈር ደርሳ ተመልሳለች። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ከኡርጂ በፊት፣ በ1993፣ ያው ሰኔ 14 ቀን፣ ፀሐይ በዛምቢያና በዚምባብዌ ላይ ጨልማ ነበር። በ2012 በእኛ ላይ ጨለመች። በ2031፣ ኡርጂ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት፣ እንደገና ሰኔ 14 ቀን፣ በሩቁ ሰሜን በአላስካ በኩል ትጨልማለች ይላሉ አዋቂዎቹ።

ይህን ለቴክኒሺያናችን ለአምባው ብነግረው ሳቀብኝ። የፓዌ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ድቁና ተምሯል። «ንዑስ ቀመር ነዋ!» አለኝ። «ጨረቃ በየዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወደ ነበረችበት ቀን ትመለሳለች። ባሕረ ሐሳብ የሚቆጠረው በዚህ አይደል?» ለእሱ የትናንት ትምህርት ነው። የእኔ ግን ያን ቀን ሻይዬ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ሰማዩ ቀጠሮ አለው፤ ቀጠሮውንም ያከብራል፤ እኛ ከታች ሆነን ገበያ እንሄዳለን።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። እሑድ አንድ ሰው ጣቢያችን ድረስ መጣ። ሻይ ቤት ተቀምጦ ሲሰማኝ ብርጭቆው ከእጁ እንደወደቀ ነገረኝ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የዚያች ልጅ እናት ማን ናት?» መልእክቱን የላኩት ሲስተር ናቸው አልኩት። «የወለደቻትን ነው የምጠይቅሽ» አለ። ግቢያችን ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ እስኪመሽ አልሄደም።

እኔ የማንንም ቤት መበጥበጥ አልፈልግም። ጥያቄውን ብቻ ነው ያደረስኩት። ካስቀየምኩዎት ይቅር ይበሉኝ።

አክባሪዎ ኢንዓም


ከካማሺ ወዲያ፣ ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኢንዓም፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። አንቺ ብዬ ስጽፍልሽ አትቀየሚ፤ በየቀኑ ቤቴ የሚገባ ድምፅ እንግዳ አይሆንብኝም።

ሰምተናል። ስሟን ስትጠሪ ኡርጂ ሬዲዮኑን ገልብጣ ከጀርባው ፈለገችሽ። ከዚያም «የት ሄደች?» ብላ ተቆጣችኝ። ቀኑን ሙሉ ለጎረቤት ሁሉ «ሬዲዮ ያውቀኛል» ስትል ዋለች። አላህ ይስጥሽ ትሉ የለ እናንተ፤ እኔም ጌታ ይስጥሽ እላለሁ።

ክረምቱ በርትቷል። ወባው ገና ከአሁኑ አላስተኛ ብሎናል። መንገዱ ድልድዩ ጋ ስለተቆረጠ ሁንዴሳ ከወዲያ ማዶ ቆሞ ደብዳቤሽን በሰው አሻገረልኝ። ጭቃ ስለነካው ጥቂት ቃል ጠፍቶብኛል፤ ዋናው ግን አልጠፋም።

ያን ማለዳ እንዴት እንደነበር ማወቅ ትፈልጊ ይሆናል። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ፀሐይዋ ወጥታ፣ ዶሮዎቹ ወርደው፣ ሰው ሥራ ጀምሮ ነበር። ከዚያ ብርሃኑ ቀጠነ። መምሸቱ አልነበረም፤ አመሻሽ ቀይ ነው፣ ይህ ግን ብር መሰለ። ብርድ መጣ። ዶሮዎቹ ተመልሰው ቆጥ ላይ ወጡ። ወፎቹ ዝም አሉ፤ እንዲያ ያለ ዝምታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። በመስኮቱ በኩል ከሰማዩ አንድ ኮከብ ብልጭ አለ። ለዚህ ነው ኡርጂ ያልኳት፤ በኛ በኦሮምኛ ኮከብ ማለት ነው።

ለሰውየው እንዲህ በይው፦ ያን ጠዋት በዚህ አገር ብዙ ልጅ ተወልዷል። የሚፈልጋት ሌላ ትሆናለች።

ስለ ሰማዩ ቀጠሮ የጻፍሽልኝን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። የአንቺስ ልደት መቼ ነው? ጻፊልኝ።

ኦብሴ

መልኩ ምን ይመስላል?


አሶሳ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሲስተር ኦብሴ

ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርሱ መሐል ክፍተት ያለው። ሲያዳምጥ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋል። ስለ መልኩ ከዚህ የበለጠ አልጽፍም፤ የኡርጂን መልክ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

መልእክትዎን ነገርኩት። አልተከራከረም። «ልክ ናት፤ ብዙ ልጅ ይወለዳል» አለ። ከዚያ በራሳችን ቋንቋ የሆነውን አጫወተኝ፤ እሱም እንደኔ በርታ ነው።

ጉባ ግድቡ ላይ ፌሮ አሳሪ ነው። ሚስቱ ማሪያም ትባላለች። በኮሮናው ዓመት እሱ ካምፕ ውስጥ እያለ መውጣትም መግባትም ተከለከለ፤ መኪናም ቆመ። ማሪያም እርጉዝ ነበረች፤ ብቻዋን መውለድ ፈራች። እኅቷ ከዓባይ ማዶ በካማሺ በኩል ተድራ ስለነበር ወደ እሷ ለመሄድ በእግሯ ተነሣች። እኅትየው ግን አላየቻትም። እሱ ከካምፕ እስኪወጣ ድረስ የእናንተ አካባቢ በግጭቱ ሰው ከሰው ተበታትኖ፣ መንገዱም ተዘግቶ ነበር። ሲከፈት ሄዶ ጠየቀ። አንዱ ወንዝ ወሰዳት አለው፤ አንዱ ሱዳን ተሻግራለች አለው። ወንዝ ዳር የተገኘች አንዲት አሮጊት ብቻ እንዲህ አለችው፦ «ፀሐይ በጨለመችበት ጠዋት ሆዷን ይዛ በዚህ አለፈች።» በእጁ ያለው ይህ ብቻ ነው።

ስሙን ለምን እንዳልጻፍኩልዎት ይገርምዎት ይሆናል። እንዳልጽፍ ለምኖኛል። «ስሜን ነግረሻት አዎ ብትለኝ፣ ልቤ መቼም አያምንም። መጀመሪያ እሷ የምታውቀውን ትንገረኝ። የማታውቀው ከሆነም እተዋለሁ» አለ።

ስለ ልደቴ የጠየቁኝ አሳቀኝ። የሰዉን ሁሉ ልደት የማነበው ሴት የራሴን አላውቀውም። እናቴ «አንበጣ በመጣ ጊዜ» ነው የምትለኝ። መታወቂያዬ ላይ መስከረም አንድ ተብሏል፤ ግማሹ አሶሳ መስከረም አንድ የተወለደ ነው።

ኢንዓም


ከካማሺ ወዲያ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኢንዓም፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ኡርጂን ጠርቼ «እስቲ ሳቂልኝ» አልኳት። ጥርሷ መሐል ክፍተት አለ። ታሪክ ስነግራት ደግሞ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል ታደርጋለች። ከእኔ የወረሰችው ይመስለኝ ነበር፤ መስታወት ፊት ቆሜ አየሁ፣ እኔ እንዲያ አላደርግም።

እንግዲህ ልንገርሽ።

እሑድ ነበር። ገና ፀሐይ ስትወጣ አንዲት ሴት ዱላ ተደግፋ ከታች መጣች። ምጡ ከያዛት ቆይቷል። እኔ ኦሮምኛና አማርኛ ነው የማውቀው፤ እሷ ሁለቱንም አትችልም። ደረቷን መታ አድርጋ «ማሪያም» አለችኝ። እኔም ደረቴን መትቼ «ኦብሴ» አልኳት። የተነጋገርነው ይህን ነው፤ የቀረውን በእጅና በዓይን ተግባባን። በሥራዬ ብዙ ሴት አይቻለሁ፤ እንደ እሷ እጄን አጥብቆ የያዘኝ የለም።

የዚያን ጊዜ ማዋለጃ ክፍላችን ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ምስማር የበሳው ቀዳዳ ነበረበት። በየቀዳዳው የሚገባው ብርሃን ሌላ ቀን ወለሉ ላይ ክብ ክብ ሆኖ ነው የሚወድቀው። ያን ቀን ግን ክቡ ጎደለ። እንደ አዲስ ጨረቃ ቀጭን ማጭድ ሆነ። ግድግዳው፣ ወለሉ፣ ነጩ አንሶላ፣ የማሪያም ሆድ፣ የእኔ እጅ፣ ሁሉ በትናንሽ ጨረቃዎች ተሞላ። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ኋላ ጤና ቢሮ የሚሠራ ሰው ከየቀዳዳው የገባው የፀሐይዋ መልክ ራሱ ነው ብሎ አስረዳኝ። በዚያች ሰዓት ግን ኢንዓም፣ እግዚአብሔር ቤቱን የከፈተው መሰለኝ። ማሪያምም አየችው። ሕመሟን ረስታ ጣቷን ዘርግታ አንዷን ጨረቃ ለመንካት ሞከረች። ልጅቱ የመጣችው ያኔ ነው። መጀመሪያ ያለቀሰችው በዚያ ጨለማና ዝምታ ውስጥ ነው።

ብርሃኑ ሲመለስ ደሙ አልቆም አለ። የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ። መድኃኒቱንም ሰጠሁ። አምቡላንስ አልነበረም፤ መንገድም ዝግ ነበር። ከቀትር በፊት አረፈች።

እስክታርፍ ድረስ አንድ ቃል ብቻ ትደጋግም ነበር፤ ልጅቱን እያየች «ኻሚስ፣ ኻሚስ» ትለኛለች። በእኛ ሐሙስ «ከሚሳ» ነው፤ ዓረብኛ የሚነካካቸው ነጋዴዎችም እንዲያ ሲሉ እሰማለሁ። ሐሙስ ሰው ይመጣል፣ ልጄን ለሱ ስጪልኝ ማለቷ መሰለኝ። እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁላት። ደስ አላት፤ ፊቷ ላይ አይቼዋለሁ።

ለቀበሌውም ለፖሊስም ነግሬ ነበር። የአካባቢው ሙስሊሞች ከአለባበሷ ለይተው በወጉ ቀበሯት፤ ሾላው ሥር ናት። ከዚያ ሐሙስ መጣ። ልጅቱን ታቅፌ መንገዱ ዳር ወጣሁ። ማንም አልመጣም። በሚቀጥለው ሐሙስም ወጣሁ። ኋላ ማጥባት የማልችለውን ልጅ የጎረቤት ሴቶች እያጠቡልኝ፣ ከዚያ መዳህ ጀምራ፣ ከዚያ በእግሯ እየሄደች፣ ሐሙስ ሐሙስ መንገድ ዳር መቆም ልማዳችን ሆነ። ኡርጂ ጨዋታ ይመስላታል፤ መኪና ሲያልፍ እጇን ታወዛውዛለች።

ሰውየውን ጠይቂልኝ። የሚመጣው እሱ ከነበረ፣ ሐሙስ ለምን አልመጣም?

ኦብሴ


አሶሳ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሲስተር ኦብሴ

ደብዳቤዎን ከማንጎው ሥር ተቀምጠን፣ ወደ ቋንቋችን እየመለስኩ አነበብኩለት። ስለ ጨረቃዎቹ ሳነብ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ስለ ዕረፍቷ ሳነብም አልከፈተም፤ ያወቀው ነገር ነበር። እዚያ ቃል ላይ ስደርስ ግን ብድግ አለ።

«ድገሚው።»

ደገምኩለት።

«ሲስተር ሐሙስ ነው ብላ ነው?»

«አዎ፣ ሐሙስ ይመጣል ያለቻቸው መስሏቸው ነው።»

ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ሐሙስ አይደለም» አለኝ። «እኔ ነኝ።»

ሲስተር፣ ስሙ ኻሚስ ነው። ሐሙስ ቀን ስለተወለደ አያቱ ያወጡለት ነው። ማሪያም ቀን አልነገረችዎትም። የልጅቱን አባት ስም ነው የነገረችዎት።

ዘመኔን ሙሉ ቀን ከታሪክ፣ ታሪክ ከልደት ሳገናኝ ኖሬ፣ አንድ ሰው ቀን መስሎ አምስት ዓመት ሲጠበቅ አይቼ አላውቅም። እርስዎ በየሳምንቱ ስሙን ይዘው መንገድ ሲወጡ፣ እሱ በዚያው ጊዜ ጉባ ላይ ብረት ያስር ነበር።

አምባው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ቋንቋችንን አይሰማም፤ ግን ባርኔጣውን አወለቀ።

ኻሚስ በራሱ አፍ፣ በአማርኛ እንድጽፍልዎት ፈለገ። እንዳለው አስቀምጠዋለሁ፦

«ሲስተር፣ እኔ አማርኛ ብዙ አልችልም። ማሪያም ብቻውን ሞተ ብዬ ነበር። ብቻውን አይደለም፤ ሲስተር እጁን ያዘ። አላህ ይስጥህ። ልጅ አሳደግክ፣ አላህ ይስጥህ። እኔ ሐሙስ አልመጣሁም፤ አላወቅሁም። አሁን አወቅሁ። ሲስተር እሺ ካለ እመጣለሁ። እሺ ካላለ፣ ቀብሩን ብቻ አይቼ እመለሳለሁ።»

ኢንዓም


ከካማሺ ወዲያ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኢንዓም፣

ሁንዴሳን ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን መልሼዋለሁ። ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ አሞኝ አይደለም።

አንቺ መገረምሽን ጻፍሽልኝ። እኔም ተገርሜአለሁ፤ ከግርምቱ ሥር ግን ፍርሃት አለ። ሐሙስ ሐሙስ መንገድ ዳር ስቆም የኖርኩት ሰው እንዲመጣ ነበር ወይስ አለመምጣቱን አይቼ ደስ ብሎኝ እንድመለስ? አላውቅም። ባለፈው ሐሙስ ግን አልወጣሁም። ኡርጂ በር ላይ ቆማ ጫማዋን ይዛ ጠበቀችኝ፤ ራሴን አሞኛል አልኳት።

የወለደቻት እናት ሾላው ሥር እንዳለች ታውቃለች። አልደበቅኋትም። እዚያ ስንሄድ «እማ ማሪያም፣ ዛሬ ዝናብ ነበር» እያለች ወሬ ትነግራታለች። አባት ግን ጠይቃኝ አታውቅም፤ ያለን ይበቃናል ብዬ ነበር።

እኔ አልወለድኩም። ባሌ በዚህ ምክንያት ወደ መንዲ ተመልሶ ሌላ አገባ። ስንቱን ልጅ በእጄ ተቀብዬ ለባለቤቱ ሰጥቻለሁ። በእጄ የቀረችው ይህች አንዷ ናት።

ትናንት ግን አንዲት የጉሙዝ ሴት አዋለድኩ። ባሏ ውጭ ሆኖ የልጁን ድምፅ ሲሰማ መሬት ላይ ተንበረከከ። ሳየው ያ ጉባ ያለው ሰው ትዝ አለኝ። የልጁን የመጀመሪያ ድምፅ ማንም አላሰማውም።

ይምጣ በይው። ሁለት ነገር ግን ጠይቂልኝ፤ ምን እንደሆኑ ሁንዴሳ በቃል ይነግርሻል። መጻፍ ከበደኝ።

ኦብሴ


አሶሳ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሲስተር ኦብሴ

ለመጀመሪያው ጥያቄ፦ አይ፣ ሌላ አላገባም።

ሁለተኛውን ግን አልጠየቅሁትም። ይቅር ይበሉኝ። እንዲህ ያለውን ነገር እርስዎ ዓይኑን እያዩ ነው መጠየቅ ያለብዎት።

ዛሬ በዝግጅቴ የድሮ ታሪክ ላነብ ወረቀቴን ይዤ ገብቼ ነበር። ማን ሊሰማኝ? ቀኑ ራሱ ታሪክ ሆኖ ዋለ። ግድቡ ተመረቀ፤ ከተማው በመኪና ጥሩምባ ተናወጠ። እኔም ወረቀቱን አጥፌ «የዛሬዋ ቀን ዛሬ ናት» ብዬ ወጣሁ። ከባምባሲ መልእክት የላከች አንዲት እናት ብቻ ዛሬ ማለዳ መንታ ተገላግላለች፤ እሱን አነበብኩ።

ከቀትር በኋላ ኻሚስ ከጉባ ደወለ። ከውሃው ድምፅ የተነሣ ጮሆ ነው የሚያወራው። ከሠራተኞቹ ጋር ቆሞ ሲያይ «መሬቱ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል» አለኝ። «እዚህ ስመጣ ሰው ሁሉ ይህን ድንጋይ ማን ይጨርሰዋል ይል ነበር። ይኸው ባሕር ሆነ። ወንዝ በቆመበት አገር የእኔ ልጅ መገኘቷ ለምን ይገርመኛል?» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በሌላ ድምፅ ጠየቀኝ፦ «ኢንዓም፣ የአምስት ዓመት ልጅ ምን ይባላል? ምን ይወራል? አላውቅም እኮ።»

እኔም አላወቅሁም። ሲስተር ያውቃሉ አልኩት። ዝናቡ እንዳባራ ይነሣል ኢንሻአላህ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ።

ኢንዓም


ከካማሺ ወዲያ፣ መስከረም 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ኢንዓም፣

መጣ።

ድልድዩ ጋ ሁንዴሳ አወረደው፤ የቀረውን በእግሩ ነው የመጣው። ቤቴ ከመምጣቱ በፊት ሰው ጠይቆ ሾላው ሥር ሄደ። ከመስኮቴ ይታየኛል። ተቀመጠ፣ ጸለየ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ተቀመጠ። ጥላው ከዛፉ ወዲህ እስኪዞር እዚያው ነበር። እኔ ይህን ጊዜ ሁሉ ቤቱን ደጋግሜ እጠርግ ነበር፤ ሁለት ጊዜ የጠረግሁትን ሦስተኛ ጠረግሁት።

አጥሩ በር ላይ ሲደርስ አልገባም። ቆሞ ቀረ። እኔም ግባ ማለት አቃተኝ። ኡርጂ እጇን ልትታጠብ ወጥታ አየችው።

«አንተ ማን ነህ?» አለችው።

ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ኢንዓም፣ ያ ዓይን ጥያቄዋን አንቺ እንድትመልሺልኝ እለምንሻለሁ አለኝ እንጂ ልጄን ስጪኝ አላለኝም። እኔም ይህ ቃል ከአፌ አይወጣም ስል የነበርኩት ሴት፣

«አባትሽ ነው» አልኩ። «ኻሚስ ይባላል።»

ኡርጂ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው። እሱም ዘንበል አድርጎ አያት። እኔ ከሁለቱ መካከል ቆሜ፣ ያን የፀሐይ ማለዳ እንደቆምኩት ያለ መቆም ቆምኩ። ሰው ሰውን እንዲህ አድርጎ ይደግማል? አንዱ አንዱን አይቶት ሳያውቅ?

«ርቦሃል?» አለችው።

«ርቦኛል» አላት፤ አማርኛው ትክክል ወጣለት።

ማታ በልተን እሷ ስትተኛ ያንን ያልጠየቅሽልኝን ነገር ጠየቅሁት። ዓይኑን እያየሁ። «ልውሰድ ብዬ አልመጣሁም» አለኝ። «ጉባ ሥራ አለቀ። እዚህ ትምህርት ቤት ይሠራል አሉ፤ ብረት እኔ አስራለሁ። ቅርብ ቤት ብቻ እፈልጋለሁ። ልጅ እናቱን ሁለት ጊዜ አያጣም።» አልቅሼ ስጨርስ ከታች በኩል ያለችውን የጎረቤታችንን ባዶ ጎጆ አሳየሁት። ሳምንት ሳይሞላው ገባባት።

እስካሁን ስሙን ነው የምትጠራው፤ አባ አላለችውም። እሱም አይቸኩልም። እኔም አንዳንዴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ድስት ሳወጣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሠርቼ ሦስተኛውን እረሳለሁ። ያን ጊዜ የእኔን ድርሻ እሰጠዋለሁ። ይህም ይለመዳል።

ትናንት ሥራ ስላልነበረው ኮረብታው ላይ ሊያወጣት ፈለገ፤ ከዚያ ላይ ሆነው ወደ ዓባይ የሚወስደው ሸለቆ ሁሉ ይታያል። አንቺም ነይ አለችኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም። እሷ ትከሻው ላይ ሆና እየዘመረች ወጡ፤ እኔ ያወለቀችውን ጫማ ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። በጣም ራቁኝ። ሣሩ ረጅም ነው፤ ራሷ ብቻ ከላይ ይታየኝ ነበር፤ ኋላ ያም ጠፋ። መሐል መንገድ ላይ ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ እንግዲህ እንዲህ ነው የሚሆነው፣ እንዲህ እየራቁ ነው የሚሄዱት አልኩ በልቤ።

ቀና ስል ጫፉ ላይ ናቸው። ጀርባቸውን ለሸለቆው ሰጥተዋል። ዞረው ይጠብቁኝ ነበር።

ኦብሴ